ዳይፐር ገና የተወች ልጅ ይዞ ከደሴ አዲስ አበባ

ባለፈው ጥር ለዘመድ ሠርግ ወደ አዲስ አበባ ስንሄድ ልጄ 2 ዓመት ከ8 ወሯ ነበር። ዳይፐር ከተወች ገና አንድ ወሯ። ሁለት ቅያሪ ሱሪ፣ አንድ ጥቅል ሶፍትና ቢጫ ፖፖዋን ይዤ ደሴ መናኸሪያ ደረስኩ። ከዚህ በላይ ምን ዝግጅት አለ ብዬ ኮርቼ ነበር። የሐረጎን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ወርደን ኮምቦልቻ ልንገባ ስንል ጆሮዬ ሥር ተጠግታ "እማ፣ ሽንቴ" አለችኝ። ፖፖውስ? ረዳቱ ከሻንጣው ጋር ፖርቶመጋላ ላይ ጭኖ በሸራ ጠፍሮታል።

አጠገቤ የተቀመጡት እናት ቀሚሳቸው ራሰ። እኔ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ስል እሳቸው ሳቁ። "ተይው ልጄ፣ ሕፃን የሸናበት ሰው አዲስ ልብስ ይለብሳል" አሉኝ። ሶፍት አቀበልኳቸው፣ ነገሩ በዚያው አለቀ።

ለእኔ አለቀ እንጂ ለልጅቷ አላለቀም። ሰው ሁሉ ዞሮ ስላያት አፈረች። ከዚያ በኋላ መያዝ ጀመረች። ሽንቷን ስንቴ ለምኜ ነው ያሸናኋት። ካካዋን ደግሞ ሦስት ቀን ሙሉ ያዘች። በሠርጉ ማግስት ሆዷ ጠጥሮ፣ ፖፖው ላይ ቁጭ ብላ ስታለቅስ ነው ነገሩ የገባኝ። የራሰ ሱሪ ታጥቦ ይሰጣል። የተያዘ ካካ ግን ይደርቃል። የደረቀው ሲወጣ ያማል። አንዴ ያመማት ልጅ በሚቀጥለው ጊዜ አጥብቃ ትይዛለች።

ስለዚህ ከዚህ በታች የጻፍኩት ሁሉ ልጅቷ እንዳትይዝ ነው። ካመለጣት ያምልጣት። በመመለሻችንና ከዚያ ወዲህ ባደረግናቸው ጉዞዎች የሠራልንን ነው የማካፍላችሁ። ስለ ሴት ልጅ የምጽፈው የእኔዋ ሴት ስለሆነች ነው፤ ለወንዱ የሚለየውን ቦታው ላይ እነግራችኋለሁ።

1. መጀመሪያ፣ አሁን ነው ወይ የምትሄዱት?

ዳይፐር ባስጣላችሁ በሳምንቱ ረጅም መንገድ አትውጡ። ቢያንስ ሦስት ሳምንት ያህል ቤት ውስጥ ተረጋግታ፣ ራሷ "ሽንቴ" እያለች ስትነግራችሁ ብትቆይ ጥሩ ነው። ሠርግና ለቅሶ ይህን አይጠብቅም፤ አውቃለሁ። ያኔ እንደ ፓንት የሚለበሰውን ዳይፐር አልብሷት ሂዱ። ሰው "አስጥለሻት መልሰሽ?" ይላችኋል። ይበል። ብቻ ለልጅቷ "የመኪና ሱሪሽ ነው፤ ሽንትሽ ሲመጣ ግን ንገሪኝ" ብላችሁ ለብቻው አስረዷት። ስትናገር ደግሞ "እዚያው ልቀቂው" አትበሏት። እሱ ነው የሚያበላሻት።

አብዛኛው ልጅ የቀን ሽንቱን መቆጣጠር የሚለምደው ከ2 እስከ 4 ዓመት ባለው ጊዜ ነው። የሌሊቱ ከዚያም ይዘገያል፤ 5 ዓመት ሆኖትም አልጋ የሚያርስ ልጅ ጤነኛ ልጅ ነው። ስለዚህ "የእከሌ ልጅ በ2 ዓመቷ" የሚለውን ወሬ ደሴ ትታችሁት ውጡ።

2. ሐይቅ ወስዳችሁ ሞክሯት

ደሴ–አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ልጅን በአንዴ እሱ ላይ መፈተን ግፍ ነው። መጀመሪያ ሐይቅ ከተማ ውሰዷት። ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ዓሣ በልታችሁ በዚያው ቀን ትመለሳላችሁ። እግረ መንገዳችሁን ሦስት ነገር ታያላችሁ። በመኪና ጫጫታ ውስጥ ሽንቷን ትናገራለች ወይስ ዝም ትላለች? የማታውቀው ሽንት ቤት ያስፈራታል? ሜዳ ላይ ትሸናለች? የእኔዋ ሣር እግሯን ሲነካት ብድግ ትል ነበር። ይህን ቀድሜ ባውቅ ኖሮ ሐረጎ ሥር ያን ሁሉ ባልደነገጥኩ።

ጀልባ ላይ ከወጣችሁ ደግሞ ሌላ ፈተና ነው። መሀል ሐይቅ ላይ "ወራጅ አለ" አይባልም። መንሳፈፊያ ጃኬቱን ሳታለብሷት በፊት አሸኗት። አንዴ ከታሰረላት በኋላ ለሽንት ብላችሁ ውሃ ላይ እንዳትፈቱት። ለልጅ ልክ የሚሆን ጃኬት ከሌለ ጀልባው ይቅርባችሁ።

ዱባይ ያለችው የአክስቴ ልጅ ልጇን ይዛ በትልቁ የመዝናኛ መርከብ ሄዳ ነበር። እዚያ ዳይፐር ያልተወ ልጅ ዋና ገንዳ አይገባም። የልጆች መጫወቻ ክፍሉም አብዛኛውን ጊዜ የሚቀበለው 3 ዓመት የሞላውንና ሽንት ቤት የለመደውን ነው። "ያ ሁሉ ፎቅ መርከብ ላይ ፖፖ በፌስታል ይዤ ስዞር ብታዪኝ" ብላ አሳቀችኝ። ይኸው ነው፤ መርከብም ሆነ አውቶቡስ ፖፖው አይቀርም።

3. ፖፖውና ቦርሳው

ፖፖ አዲስ አትግዙላት። ቤት የለመደችውን ያዙ፤ ሽታውም መልኩም የቤቷ ነው። በጣም ትልቅ ከሆነ ብቻ እዚሁ ደሴ ፒያሳ ወይም ሰኞ ገበያ ፕላስቲክ ዕቃ ከሚሸጡት ዘንድ ትንሹን ገዝታችሁ፣ ከጉዞው ሁለት ሳምንት ቀድማችሁ ቤት አስለምዷት። ክዳን ያለው ካገኛችሁ አትለፉት።

አሁን ከሁሉ የጠቀመኝን ነገር ላሳያችሁ። ፖፖው ውስጥ ፌስታል አልብሱ፤ ጠርዙን ወደ ውጭ ገልብጡት። ፌስታሉ ቀዳዳ እንደሌለው በውሃ ሞክሩት፤ ብዙዎቹ ከሥራቸው ያፈሳሉ። ከዚያ አንድ ዳይፐር ዘርግታችሁ ፖፖው ውስጥ አንጥፉ፣ የሚመጠው ፊት ወደ ላይ። ልጅቷ ስትሸና ዳይፐሩ ሁሉንም ይጠጣል። መኪናው ቢያጋድል የሚፈስ ነገር የለም። ፌስታሉን አውጥታችሁ ቋጥሩ፣ ሌላ ፌስታል ውስጥ ክተቱ፣ ቆሻሻ መጣያ እስክታገኙ ከእግራችሁ ሥር አቆዩት። በመስኮት አትወርውሩ፤ እባካችሁ።

ልብሱን በተመለከተ፦ አራት ቅያሪ ሱሪና አራት ፓንት፣ ሁሉም ወገቡ ላስቲክ የሆነ። ሳሎፔት፣ ቀበቶና ቁልፍ የበዛበት ሱሪ ለሠርጉ ፎቶ ይቆይ። ልጅ "ሽንቴ" ካለች በኋላ ያላችሁ ጊዜ አንድ ደቂቃ ቢሆን ነው፤ እሱን ከቁልፍ ጋር ስትታገሉ አትጨርሱት። ሁለት ካልሲም ጨምሩ። ካልሲ ማንም አያስታውስም፣ መጀመሪያ የሚርሰው ግን እሱ ነው። እያንዳንዱን ሱሪ፣ ፓንትና ካልሲ አንድ ላይ ጠቅልላችሁ በየፌስታሉ ክተቱ። አንዱን ስታወጡ ደረቁ ይለበሳል፣ የራሰው በዚያው ፌስታል ይታሰራል። በጨለማም ሆነ በግፊያ መሀል መፈለግ የለም።

ለእናንተም አንድ ቅያሪ ቀሚስ ወይም ሱሪ ያዙ። ጭናችሁ ላይ ነው የምትቀመጠው እኮ።

ቀሪው ቀላል ነው። ሶፍት፣ ዋይፕስ፣ ቁራጭ ሳሙና፣ መቀመጫ ላይ የሚነጠፍ ላስቲክና በላዩ ላይ አሮጌ ፎጣ። ነጠላ አትርሱ፤ ለምን እንደሆነ ወደታች ታገኙታላችሁ። አንድ ሃይላንድ ውሃ ክዳኑን በመርፌ ሦስት ቦታ ብሱት፤ ሲጨመቅ እንደ ቧንቧ ይወርዳል፣ ለእጅም ለመቀመጫም ማጠቢያ ነው። ወንድ ልጅ ያላችሁ አፈ ሰፊ ባዶ ጠርሙስ ጨምሩ። ሃይላንድ ቆርጣችሁ የምትሠሩ ከሆነ ግን ጠርዙ ስለት ነው፤ በፕላስተር ጠቅልሉት።

ይህ ሁሉ የሚገባው እጃችሁ ላይ በሚቀር አንድ ቦርሳ ነው። ረዳቱ "አምጪው ላውጣልሽ" ሲል "ይኼኛው አይወጣም" በሉት። እኔ የዚያን ቀን "አመሰግናለሁ" ብዬ ነው የሰጠሁት።

4. ወንበር ስትቆርጡ

ከቻላችሁ ከፊት፣ ለበሩ ቅርብ። ለልጅቷም የራሷን ወንበር ብትቆርጡላት ያዋጣል። ገንዘቡ ይቆጫል፣ ግን ፖፖ ማስቀመጫ እግር ሥር ቦታ የምታገኙት ያኔ ነው። አምስት ስድስት ሆናችሁ ኮንትራት ሚኒባስ መያዝ የምትችሉ ከሆነ እሱ ይሻላል፤ በፈለጋችሁበት ትቆማላችሁ። አውቶቡሱ ሽንት ቤት አለው ብለው ቢነግሯችሁም ፖፖውን አትተዉ። በሚወዛወዝ ጠባብ ክፍል ውስጥ ሕፃን ልጅ አትሸናም፣ ትጮኻለች እንጂ።

ከኮምቦልቻ በአውሮፕላን የምትሄዱ ደግሞ ሥራችሁ አጭር ነው። ከመሳፈራችሁ በፊት አሸኗት። ቀበቶ እሰሩ ከተባለ በኋላ መነሳት ስለሌለ፣ ለመነሻውና ለማረፊያው ብቻ የመኪና ሱሪዋን አልብሷት። በቃ።

5. የዋዜማው ምግብ

ብዙ እናቶች "እንዳትሸና" ብለው ከማታ ጀምረው ውሃ ይከለክላሉ። እኔም አድርጌዋለሁ። ስህተት ነው። ውሃ ያልጠጣች ልጅ ሽንቷ ይወፍራል፣ ሲወጣ ያቃጥላታል፣ ካካዋም ይደርቃል። ውሃ ስጧት፤ በትንሽ በትንሹ፣ ቀኑን ሙሉ። የምትከለክሉት ለስላሳውን ነው። ኮካ ውስጥ ያለው ካፌይን ሽንት ያጣድፋል፣ ስኳሩም ለጉዞ ሆድ አይሆንም።

ከጉዞው በፊት ባሉት ሁለት ሦስት ቀናት ፓፓያ፣ ብርቱካን፣ አጃ ስጧት፤ ሆዷ ለስልሶ ይቆያል። ጥሬ የሆነ ሙዝ ግን ያደርቃል። በዋዜማው እራት አዲስ ነገር አታስሞክሯት።

6. ንጋት

አውቶቡስ ገና ሳይነጋ ነው የሚነሳው። ስለዚህ ቁርስ በልታ ፖፖ ላይ የምትቀመጥበት ጊዜ የለም። አንድ ሰዓት ቀድማችሁ ቀስቅሷት፣ ደረቅ ዳቦና ለብ ያለ ሻይ ስጧት፣ ከዚያ ፖፖ ላይ አስቀምጧት። ምግብ ሆድ ሲገባ አንጀት መንቀሳቀስ ይጀምራል። ከበላች በኋላ ያለው ግማሽ ሰዓት ካካ የሚመጣበት ሰዓት ነው። መጣም አልመጣም አምስት ደቂቃ ይበቃል፤ አታስጨንቋት። ወተት ጠጥታ ሐረጎን መውረድ ግን ምን እንደሆነ የደሴ ሰው ያውቀዋል። የመኪና ማቅለሽለሽ የሚጀምረው እኮ 2 ዓመት ገደማ ላይ ነው። የማቅለሽለሽ መድኃኒት ሐኪም ሳያዝ አትስጡ፤ ብዙዎቹ እንቅልፍ ያመጣሉ፣ የተኛች ልጅ ደግሞ ሽንቷን አትናገርም።

የጥር ንጋት ደሴ ላይ ምን እንደሚመስል አልነግራችሁም። መናኸሪያ ስትደርሱ አንዴ ድገሟት።

7. ሹፌሩን ቀድማችሁ ያዙት

ይህን ጉዳይ መንገድ ላይ አይደለም የምትነግሩት። ሞተር ሳይነሳ፣ ሻይውን ሲጠጣ ነው። እኔ በመመለሻው እንዲህ አልኩት፦

"ወንድም ዓለም፣ ሕፃን ይዣለሁ። ዳይፐር ከተወች ገና መሆኗ ነው። መሀል ላይ ባስቸግርህ ቅር እንዳይልህ።"

"ችግር የለም እትዬ። ብቻ ቀደም አድርገሽ ንገሪኝ። ጠመዝማዛው ላይ አቁም ብትዪኝ አልቆምም።"

ልክ ነው። ጠመዝማዛ ላይ ማቆም የሚቆምለትንም የሚመጣውንም መግደል ነው። ግን "ቀደም አድርገሽ" ሲል አምስት አሥር ደቂቃ ማለቱ ነው፤ ልጅቷ ያላት አንድ ደቂቃ። ስለዚህ እሷ እስክትናገር አትጠብቁ። ለሹፌሩ የምትነግሩት እናንተ ናችሁ፣ በሰዓት። የሁለት ዓመት ተኩል ልጅ የሽንት ፊኛ የሚይዘው በግምት ከ120 እስከ 150 ሚሊ ሊትር ነው፤ አንድ የሻይ ብርጭቆ በሉት። በየአንድ ሰዓት ተኩሉ፣ ቢበዛ በየሁለት ሰዓቱ መሽናት አለባት።

ስትጠይቋትም "ሽንትሽ መጥቷል?" አትበሏት። መልሱ ሁልጊዜ "አልመጣም" ነው። በመስኮት ግመል እያየች ማን ሽንቴ መጣ ይላል? "አሁን የፖፖ ሰዓት ነው፣ ከዚያ ግመሎቹን እናያለን" በሏት። ጥያቄ አይደለም፣ ፕሮግራም ነው።

8. መንገዱ፣ ከቦታ ቦታ

ይህ መንገድ ለልጅ ሽንት ተብሎ የተሠራ ተንኮል ይመስለኛል። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ወደ ኮምቦልቻ በ25 ኪሎ ሜትር ያህል ውስጥ ከ600 ሜትር በላይ ትወርዳላችሁ። ከሚሴ ስትደርሱ 1,400 ገደማ ነው፣ ሙቀት። ልጅቷ ላብ በላብ ሆና ውሃ ትጠጣለች። ከሸዋ ሮቢት በኋላ ደግሞ ሽቅብ፣ ጣርማ በር ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ። ብርድ ሽንት ያመጣል። ቆላ ላይ የጠጣችው ውሃ ሁሉ ጠመዝማዛውና ጉሙ መሀል፣ ማቆሚያ በሌለበት፣ "እማ" ይላል። ይህን አንዴ ካወቃችሁ ማሸኛዎቹ ራሳቸው ይመጣሉ።

ኮምቦልቻ። ሐረጎ እንዳለቀ፣ መናኸሪያው ላይ ሰው ሲወርድና ሲጫን። ግዴታ ነው፤ ደሴ ብታሸኗትም አሸኗት። ኮምቦልቻ ላይ የምትሳፈሩ ዕድለኞች ናችሁ፣ ሐረጎ አይመለከታችሁም።

ከሚሴ። ከኮምቦልቻ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። እዚህ ወፍራሙን ልብስ አውልቁላት። ላብ ያራሰውን ፓንት ሽንት ያራሰው ይመስላቸዋል፤ የእኔዋ "እማ አመለጠኝ" ብላ ያለቀሰችው በላብ ነው። መስጊድ አጠገብ ከቆማችሁ ለውዱእ የተቀዳ ውሃ አይጠፋም። በትሕትና ከጠየቃችሁ እጅ መታጠቢያ የሚከለክል ሰው አላጋጠመኝም።

ከሚሴና ሸዋ ሮቢት መሀል 100 ኪሎ ሜትር ገደማ አለ። ይህ ከመንገዱ ረጃጅም ክፍሎች አንዱ ነው። አጣዬ ላይ ባይቆምም እናንተ ፖፖውን እዚያው እግራችሁ ሥር አውጡት። መንገዱ ሜዳ ስለሆነ መቀመጥ ትችላለች። ፍተሻ ላይ ተሳፋሪ ሁሉ ውረድ ከተባለም አትናደዱ፤ በነፃ የተገኘ ማቆሚያ ነው። መታወቂያችሁን በአንድ እጅ፣ ልጅቷን በሌላው። ከመነሳታችሁ በፊት ግን የመንገዱን ሁኔታ ከሹፌሮቹ ጠይቁ። አልተረጋጋም ካሉ ሠርጉም ይቅር።

ሸዋ ሮቢት ወይም ደብረ ሲና። ምግብ አንዱ ላይ ነው። ከበላች በኋላ አውቶቡሱ ውስጥ አትግቡ። ያ ግማሽ ሰዓት ትዝ ይላችኋል? አሁን ነው። ፖፖዋን ይዛችሁ ጥግ ፈልጉ፣ ተረጋግታ ትቀመጥ። እኔ የመጀመሪያው ጉዞ ላይ ቶሎ በልተን ቶሎ ገባን፤ ካካዋን የያዘችው እዚህ ጋ ይመስለኛል። ሰው ሁሉ ቡና ሲጠጣ እኛ ለምን እንደቸኮልን እስካሁን አላውቅም።

ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ይዘው መስኮት ድረስ ይመጣሉ። የደብረ ሲናን ቆሎ የማይወድ የለም። ለራሳችሁ ግዙ፤ ለልጅቷ አትስጡ። ከ4 ዓመት በታች ያለ ልጅ ቆሎ ሊያንቀው ይችላል፣ በሚወዛወዝ መኪና ውስጥ ደግሞ ይብሳል። ከዚህ ስትነሱ ሹራቡን፣ ካልሲውንና ኮፍያውን መልሱላት። የመጨረሻ ሽንትም እዚሁ፤ ከዚህ በላይ ያለው ዳገት የሹፌሩ "አልቆምም" ነው።

ጣርማ በር። ጣሊያን የሠራው ዋሻ ውስጥ ስትገቡ ይጨልማል። ደንግጦ የሚለቅ ልጅ አለ። "አሁን ጨለማ ይመጣል፣ እንጮኻለን" ብላችሁ ቀድማችሁ ንገሯት። እኛ ዋሻው እስኪያልቅ "ኡኡኡ" አልን፤ ከኋላ ያሉ ጎረምሶችም አገዙን። ጭላዳ ካያችሁ አሳዩአት፣ አሥር ደቂቃ ያተርፍላችኋል።

ደብረ ብርሃን። ከዚህ አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው። "ደረስን እኮ" እያላችሁ የምትሸወዱት እዚህ ነው። ከተማው መግቢያ ላይ መኪና ይጨናነቃል፤ 130ው ኪሎ ሜትር ምን ያህል እንደሚወስድ እግዜር ይወቅ። አሸኗት።

9. መንገድ ዳር ስትወርዱ

መኪናው በቆመበት በቀኝ በኩል ብቻ፤ አስፋልት አታሻግሯት። ነጠላውን አንዱን ጫፍ አንገታችሁ ላይ አድርጉ፣ ሌላውን በእጃችሁ ዘርጉት፤ መጋረጃ ይሆናል። የሁለት ዓመት ልጅ ምን ታፍራለች አትበሉ፣ የእኔዋ ታፍራለች።

ፖፖው ከሌለ የአያቶቻችን ዘዴ አለ። ሱሪዋን ሙሉ በሙሉ አውልቁ፤ ቁርጭምጭሚት ላይ የተተወ ሱሪ ሁሌም ይርሳል። ጀርባዋን ወደ ደረታችሁ አድርጋችሁ፣ ከጉልበቷ ሥር በሁለት እጃችሁ ደግፋችሁ ከፍ አድርጓት፣ ልክ አየር ላይ እንደተቀመጠች። ከዚያ "ሽሽሽሽ"። እናቴ እኔንም እንዲሁ ነው ያሸናችኝ። ቁልቁለት ከሆነ ፊቷን ወደ ቁልቁለቱ፣ አለበለዚያ ወደ ጫማችሁ ነው የሚመጣው። ሴት ልጅ ከፊት ወደ ኋላ ነው የምትጠረገው፤ የኋላው ወደ ፊት ከመጣ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ሊያስከትል ይችላል። ወንዱን ለማሸናት ይቀላል፣ ግን ነፋሱን እዩ።

10. የምግብ ቤት ሽንት ቤት

ጉድጓድ ሽንት ቤት ላይ ልጅን አታቁሙ። ያ ጥቁር ቀዳዳ ለእሷ ገደል ነው። ፖፖዋን ይዛችሁ ግቡ፣ ጉድጓዱ አጠገብ አስቀምጧት፣ ስትጨርስ ጉድጓዱ ውስጥ ድፉት። መቀመጫ ያለው ከሆነ ውሃውን የምትለቁት እሷ ከወጣች በኋላ ይሁን፤ ድምፁ ብቻ የሚያስይዛቸው ልጆች አሉ። ስትወጡ እጇንም እጃችሁንም በሳሙና ታጠቡ። ሳኒታይዘር ካካ የነካ እጅን አያጸዳም።

11. ካመለጣት

ዝም ብላችሁ ቀይሩ። "ምነው ትነግሪኝ ነበር" የለም፣ ለጎረቤት "ይቅርታ፣ አስቸገረችን" እያሉ በእሷ ፊት መደጋገም የለም። የእኔ ጥፋት ይህ ነበር። አልተቆጣኋትም፤ ግን ሰውን ሁሉ ይቅርታ ስጠይቅ እሷ እያዳመጠች ነበር። አንዴ ይቅርታ በሉ፣ ሶፍት አቀብሉ፣ ፌስታሉን ቋጥሩ። ለእሷ የምትሉት "ራሰ፣ ቀየርን" ብቻ ነው።

12. ዘመድ ቤት

እንደገባችሁ፣ ሰላምታው ሳያልቅ፣ ሽንት ቤቱን አሳዩአትና ፖፖዋን በምታየው ቦታ አስቀምጡ። ኮንዶሚኒየም ከሆነ መቀመጫው ለእሷ ረጅም ነው። እግሯ ተንጠልጥሎ ማማጥ አትችልም፤ በርጩማ ከእግሯ ሥር አድርጉላት። ፍራሹ ላይ ከአንሶላው ሥር ላስቲክ አንጥፉ፣ ሌሊት ደግሞ ያለ ሐፍረት ዳይፐር አድርጉላት።

አስቸጋሪው ዘመዱ ነው። "ውይ፣ ይህን የምታህል ልጅ!" ይላሉ፤ በፍቅር ነው የሚሉት። እኔ አክስቴን ጓዳ ጠርቼ "አክስቴ፣ በሷ ፊት ስለ ሽንቷ እንዳታነሺብኝ፣ ትይዛለች" አልኳት። እሷ ደግሞ ቤተሰቡን ሁሉ አስጠነቀቀችልኝ። ከእኔ ይልቅ ለእሷ ይታዘዛሉ።

13. ከያዘች

አንድ ቀን ካካ ሳትል ብትውል አትደናገጡ፤ ጉዞ ሆድን ያዘገያል። ውሃና ፓፓያ ጨምሩ፤ ከየምግቡ በኋላ አምስት ደቂቃ ፖፖ ላይ ተረት እያወራችሁ አስቀምጧት። እግሯን አጣምራ፣ በጣቷ ቆማ፣ ጥግ ይዛ ቀጥ ካለች እያማጠች አይደለም፣ እየያዘች ነው። ያኔ "የመኪና ሱሪሽን ላልብስሽ?" ብላችሁ ጠይቋት። ዳይፐር ውስጥ የወጣ ካካ ሆድ ውስጥ ከቀረው ይሻላል። የሚያለሰልስ መድኃኒት ግን በራሳችሁ አትጀምሩ።

ወደ ጤና ጣቢያ የምትሄዱት፦ ካካዋ ላይ ደም ካያችሁ፤ ሆዷ ተነፍቶ ማስመለስ ከጀመረች፤ ስትሸና ካለቀሰች ወይም ካተኮሳት፤ ወይም ስድስት ስምንት ሰዓት ሙሉ ጭራሽ ሳትሸና ከቀረች። ተቅማጥ ከያዛት ኦ አር ኤሱን ፓኬቱ ላይ በተጻፈው የውሃ መጠን በጥብጡ፣ በማንኪያ በማንኪያ ስጧት። ዓይኗ ከጎደጎደና ከደካከመች አትጠብቁ፣ ይዛችኋት ሂዱ።

14. ስትመለሱ

መንገዱ ይገለበጣል። አሁን ብርዱ ቀድሞ ሙቀቱ ይከተላል፣ ደብረ ብርሃን ላይ ደህና አድርጋችሁ ካሸናችኋት ቁልቁለቱ ላይ አትጨነቁም። ሐረጎ ግን መጨረሻ ላይ ይጠብቃችኋል። ኮምቦልቻ ስትደርሱ ሁላችሁም ደክማችኋል፣ ቤታችሁም ቅርብ ነው፣ ልጅቷም ተኝታለች። ቀስቅሷት። ታልቅስ። እኔ አዝኜላት ትተኛ ብዬ ተውኳት፤ የደሴውን ጦሳ ተራራ እያየሁ ጭኔ ሞቀ።

ቤት ስትገቡ ፖፖውን በበረኪና እጠቡና ፀሐይ ላይ ድፉት። የእኔዋ እስኪደርቅ አልጠበቀችም፣ ደጅ ላይ ወጥታ እርጥቡ ላይ ተቀመጠች። ሱሪዋን ሳታወልቅ።